የስድስተኛው ፎቅ ዱም ዱም

ማክሰኞ 2

ይህ ደብተር ለሊፍት ጥገና መመዝገቢያ የተዘጋጀ ነው። ገጹ «ቀን»፣ «ብልሽት»፣ «የተወሰደ እርምጃ» ተብሎ ተሰምሯል። መሥሪያ ቤቱ ሁሉንም ነገር በስልክ ማስመዝገብ ከጀመረ ወዲህ አሥራ አንድ ባዶ ደብተር መኪናዬ ውስጥ ተርፎ ስለነበር አንዱን ለራሴ አደረግሁት። የምጽፈው ስለተጨነቅሁ አይደለም። ወረቀቱ እንዳይባክን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ዳንስ መማር ጀምራለች። የላቲን ዳንስ፤ ሳልሳ፣ መሬንጌ፣ ምናምን። ሐሙስ ሐሙስ ከፋርማሲዋ ስትወጣ፣ እኔ ሊፍቱን በምጠግነው ሕንፃ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽ። መጀመሪያ አብረን እንማር ብላኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሦስቴም እግሬ ለዚህ አልተፈጠረም አልኳት። በአራተኛው አልጠየቀችኝም፤ ጫማ ገዝታ መጣች። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ ያለ ጫማ እግሯ ላይ አይቼ አላውቅም። ተረከዙ ላይ ማሰሪያ አለው።

እኔ ምን አገባኝ። ትጨፍር።

ሐሙስ 4

የዚያን ሕንፃ ሊፍት ዛሬ አየሁት። ተራው የሚመጣው ሳምንት ነበር፤ ግን የቅባቱ ነገር ሲያሳስበኝ ሰነበተ። የሞተሩ ክፍል ከአዳራሹ በላይ ስለሆነ እዚያ ለመውጣት በአዳራሹ በር ማለፍ ግድ ነው። በሩ ደግሞ መስታወት አለው። መስታወት ያደረግሁበት እኔ አይደለሁም።

አስተማሪው ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝም ብሎ ቆሞ እንኳ የሚወዛወዝ ሰው ነው። ሸንበቆ ብዬዋለሁ። ሸሚዙ እስከ ሦስተኛው ቁልፍ ክፍት ነው፤ ብርድ የሚባል ነገር አያውቅም መሰለኝ። ባለቤቴን አንድ እጇን ይዞ ሦስት ጊዜ አዞራትና ሳቀች። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ከዚህ በፊት የሰማሁት ቤቴ ውስጥ ነበር፤ መቼ እንደነበር ግን ማስታወስ አቃተኝ።

ብልሽት፦ የለም።
የተወሰደ እርምጃ፦ ቅባት ተቀብቷል። ሁለት ጊዜ።

እሑድ 7

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ጆሯቸው ከደከመ አምስት ዓመት ስለሆነው ቤታችን ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ለእሳቸው የሚነገር ነገር ሁሉ እየተጮኸ ነው የሚነገረው። ዛሬ ባለቤቴ ወጥ ቤት ሆና ስታዋያቸው እኔ መታጠቢያ ቤት ነበርኩ። ሆን ብዬ አልሰማሁም። ታች ያለው ጎረቤትም ሰምቷል።

ሸንበቆ ትምህርቱ ሲያልቅ አንድ የባሕር ዳርቻ ሆቴል ውስጥ እንግዶችን የሚያስጨፍር ቡድን ይዞ ይሄዳል። ለሦስት ወር። ባለቤቴን ነይ ብሏታል፤ መልሷን እስከ ትምህርቱ መዝጊያ ምሽት፣ እስከሚመጣው ወር ቅዳሜ 18 ድረስ ልትነግረው ነው። አማቴ «ባልሽስ?» ብለው ጮኹ። የመለሰችውን ለመስማት ውኃውን ብዘጋም ዘግይቼ ነበር። አማቴ ግን «እሱስ ልክ ነሽ» ሲሉ በደንብ ሰማሁ።

ምኑ ነው ልክ?

ሦስት ወር። ከሦስት ቀን በላይ ተለያይተን አናውቅም፤ እሱም እኔ ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ ነው፤ ያኔም በቀን ሁለቴ ትመጣ ነበር።

ሰኞ 8

ዘበኛው ጉድ ሠራኝ። የዚያው ሕንፃ ዘበኛ ነው፤ ኢንጂነር እያለ ይጠራኛል፤ ኢንጂነር አይደለሁም፤ ግን አላርመውም። ለካ ሰውየው በትርፍ ጊዜው አዳራሹ ውስጥ በየመዝጊያው ምሽት የሚጫወት ባንድ ውስጥ አለ። ጊራ የሚባል፣ እንደ ሞረድ የሚፋቅ ቆርቆሮ ይጫወታል። ቤዝ ጊታር ተጫዋቻቸው ሥራ ተቀይሮ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ መሣሪያው ግን እዚሁ ቀርቷል። ቤዝ የሚችል ሰው ታውቃለህ ወይ አለኝ። አዎ አልኩ። ማን አለኝ። እኔ አልኩ።

ከአፌ ወጣ እንጂ አላልኩትም ማለት ይቻላል። በሕይወቴ ነክቼ የማውቀው ብቸኛ የሙዚቃ መሣሪያ የሊፍት ደወል ነው።

ቢሆንም አስቤበት ተስማማሁ። ምክንያቱ ጣቴን ለማፍታታት ነው፤ በዚህ ዕድሜ ጣት ይደርቃል። በዚያ ላይ ባንዱ የሚቆመው መድረክ ላይ ሲሆን ከመድረክ ላይ አዳራሹ በሙሉ ይታያል። ይህ ከምክንያቱ ጋር አይገናኝም።

ረቡዕ 10

የመጀመሪያው ልምምድ። ለባለቤቴ የሊፍት ጥሪ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

የባንዱ አለቃ አኮርዲዮን የሚጫወቱ ትልቅ ሴት ናቸው። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት ልጅ ሲያዋልዱ ኖረዋል። ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። የምንለማመደው እሳቸው ሳሎን ውስጥ ነው። ከበሮ መቺው የታክሲ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ሲያወራ ስለሚውል እዚህ ትንፍሽ አይልም።

እትዬ እስቲ አንድ ነገር አሰማን አሉኝ። ወፍራሙን ክር ጎተትኩት። ሌላ ምን እንደምጨምርበት ስለማላውቅ እንደገና ጎተትኩት። ዘበኛው ኮርኒስ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። እትዬ አኮርዲዮናቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ከዚህ የባሰ አመጣጥም አይቻለሁ» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

መሬንጌ ደግነቱ ለቤዝ ቀላል ነው። አንድ፣ ሁለት፤ አንድ፣ ሁለት። ግራ እግር፣ ቀኝ እግር። መራመድ የቻለ ሰው ሁሉ ይችለዋል አሉኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ገባኝ። ዘበኛው ኢንጂነር ትችላለህ እኮ ሲለኝ እኔም ለራሴ እንዲያ ስል ነበር። ስወጣ የእትዬን ደረጃ በመሬንጌ ወረድኩት።

ሐሙስ 11

ሦስት ጣቴ ውኃ ቋጠረ። ባለቤቴ ትናንት ማታ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። የሊፍት ገመድ አልኳት። የሊፍት ገመድ እንደ አውራ ጣቴ የወፈረ ሽቦ ስለሆነ ጣት ላይ እንዲህ ያለ ቀጭን መስመር አያወጣም፤ ግን እሷ ስለ ሊፍት ምን ታውቃለች።

ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ፕላስተርና ቅባት ተቀምጦ አገኘሁ። የግራ እጄን ጣቶች ልክ አውቃ ቆርጣዋለች። ደግ ሴት ናት፤ ይህን ማንም አይክድም።

ማክሰኞ 16

ብልሽት፦ የባለ ስድስት ፎቁ ሕንፃ ተከራዮች ሊፍቱ ዱም ዱም የሚል ድምፅ ያሰማል ብለው ለመሥሪያ ቤቱ ደወሉ።
የተወሰደ እርምጃ፦ እኔ ተላክሁ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ድምፁ እኔ ነኝ። ከሐሙስ ጀምሮ በምሳ ሰዓት የሞተሩ ክፍል ውስጥ እየተለማመድኩ ነው፤ የሚሰማ አልመሰለኝም ነበር። ለካ የሊፍቱ ጉድጓድ እንደ ቱቦ ድምፁን እስከ ታች ያወርደዋል። ስሞታውን የመራችው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው የጥርስ ሐኪም ነች። አጠገቤ ቆማ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። ዝም። ዝም ባይል ነበር የሚገርመው።

ድምፁ ምን ዓይነት ነው አልኳት፤ ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው። በአፏ አሰማችኝ። ዱም… ዱም ዱም… ዱም። ከዚያ በኋላ መጮሁስ ባልከፋ፣ የሚያናድደኝ አለመስተካከሉ ነው አለች። አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይቀራል፤ በሽተኛው አፉን ከፍቶ፣ እሷ መቦርቦሪያውን ይዛ ሁለቱም ቀጣዩን ሲጠብቁ ይቆያሉ።

ልቤ ተሰበረ። ሪፖርቱ ላይ ኩሽኔታ ተቀብቷል ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ የሐሰት ሪፖርት ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ያስከፋኝ ግን ሪፖርቱ አይደለም።

ረቡዕ 17

መሬንጌ ብቻ መስሎኝ ነበር። ዛሬ እትዬ ሳልሳ አመጡ፤ ጉዴ ፈላ።

በሳልሳ ምቱ ሲቆጠር ቤዝ «አንድ» ሲባል ዝም ይላል። ሁሉም ሰው አንድ ላይ ሲያርፍ ቤዙ የለም። ድምፁ የሚመጣው ከአንድ በፊት ነው፤ ያውም የሚቀጥለውን ኮርድ፣ ማለት የሚቀጥለውን የድምፆች ጥምር ይዞ፣ ሌሎቹ ገና ሳይደርሱ ቀድሞ ይገባል። ዳንሰኛው የሚንሳፈፈው በዚያ ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ የሊፍት ሰው ነኝ። ሊፍት ከወለሉ ሁለት ሳንቲሜትር ቀድሞ ከቆመ ሰው ይደናቀፋል፤ ቀድሞ መቆም ብልሽት ነው፤ የተማርኩት፣ ሌላውንም ያስተማርኩት ይህንን ነው። እጄ አንድ ሲባል እያየ ማለፍ አልቻለም።

እትዬ አኮርዲዮኑን እየጎተቱ በአዋላጅ ቋንቋ መሩኝ። አትግፋ፣ አትግፋ፣ ገና ነው፣ ተንፍስ፣ አሁን። አሁን ሲሉኝ አልፎ ነበር። ደግመን፣ ደግመን፣ አሥራ አምስት ጊዜ። በመጨረሻ ዓይናቸውን አሹና፣

«አንተ ሰዓትህን ጠብቀህ ነው የምትመጣው። ለዚህ ነው የምትዘገየው» አሉኝ።

አልገባኝም። መኪና ውስጥ ሆኜ አሰብኩበት፤ አሁንም አልገባኝም።

እሑድ 21

ባለቤቴ ፋርማሲው ተረኛ ስለሆነ ሄዳለች። ቤዙንና ማጉያውን ቤት አመጣሁ፤ የሞተሩ ክፍል ለጊዜው አደገኛ ነው። አማቴ አይሰሙም ብዬ ሳሎን ውስጥ ከፈትኩት።

አይሰሙም፤ ግን ተነሥተው መጡ። ወለሉ ነግሯቸው ነው። ማጉያውን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ወንበር ስበው ጀርባቸውን አስደገፉበት። ቀጥል አሉኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ተጫወትኩ። ሲነሡ የወገብ ሕመማቸው ለቋቸዋል፤ አራት ሐኪም ያልቻለውን ማሽን አመጣህልኝ ብለው መረቁኝ። ለልጅዎ እንዳይነግሩብኝ ብዬ በወረቀት ጻፍኩላቸው። አንብበው ሲያበቁ ማንም አይሰማም ብለው ጮኹ፤ ሦስት ቤት ሰማ።

ታች ያለው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ይመታ ነበር። ተናዶ ነው፤ ግን ጊዜ አጠባበቁ ከእኔ ይሻላል። ለትንሽ ጊዜ በእሱ ተመራሁ።

ረቡዕ 24

እራት ላይ ባለቤቴ በሹካዋ ጠረጴዛውን ቀስ እያለች ትመታ ነበር። አንድን ዘላ፣ ከአንድ በፊት፤ ልክ እትዬ እንደሚሉት። ጣቴ ሳላዘው ጭኔ ላይ ተከተላት። አራት ዙር ሙሉ አልሳትኩም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ሰላጣ ልጨምርልህ ወይ አለችኝ።

ዳንሱ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ሹካ እንኳ አታስቀርም።

እሑድ 28

ዛሬ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ታውቅበታለህ ወይ አለችኝ። እኔን! ባለ ስድስት ፎቅ ሊፍት ፈትቼ የምገጥመውን። ግን አላውቅበትም። የትኛውን ቁልፍ፣ ለየትኛው ልብስ፣ ምን ያህል ሳሙና፤ ሁሉን ቁጭ አድርጋ አስተማረችኝ። የምትሄድ ሴት ናት እንዲህ የምታደርገው። ሦስት ወር እንዴት እንደምኖር እያዘጋጀችኝ ነው።

ቀጥላም ቅዳሜ 18 ሥራ አለህ ወይ አለች። አለኝ አልኩ። ያሳዝናል አለችና ካልሲዬን ማጠፍ ቀጠለች።

ጠይቃት ይለኛል ውስጤ። ምን ብዬ? ብቻሽን ተማሪ ያልኩት እኔ፣ እግሬ አልተፈጠረም ያልኩት እኔ። ሦስት ጊዜ እኮ ነው የጠየቀችኝ። አንዴ ቢሆን ረሳሁ እል ነበር።

ሐሙስ 2

ጉድ። ትልቅ ጉድ።

ዛሬ ባንዱና ዳንሰኞቹ አብረው እንዲለማመዱ እትዬ አዘዙ። አዳራሹ ውስጥ። ባለቤቴ ባለችበት። ስለዚህ የዘበኛውን ቆብ እስከ ቅንድቤ ደፍቼ፣ የፀሐይ መነፅር አድርጌ፣ ከማጉያው ጀርባ ቆምኩ። ባለቤቴ ባንዱን አንድ በአንድ ጨበጠች። እኔንም ጨበጠችኝ። እጄን ትንሽ ይዛ ቆየችና አዲሱ ቤዝ ተጫዋች እርስዎ ነዎት ወይ አለችኝ፤ አንቱ ብላ። ድምፄን አወፍሬ አዎ አልኩ። ይበርቱ አለችኝ። አላወቀችኝም። ተመስገን።

እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ ሸንበቆ ከእሷ ጋር የሚያሳየውን የመዝጊያ ዳንስ ጀመሩ። እጁ ወገቧ ላይ ነው። ይህ ዳንሱ ነው፤ አውቃለሁ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚይዘው። ግን ደሜ ፈላና ጣቴ መፍጠን ጀመረ። ከበሮው ሳይወድ ተከተለኝ፤ ጊራው ተከተለ። ሸንበቆ በግማሽ ዙሩ ላይ እግሩ ከእግሩ ተጠላለፈና ወንበሮቹ ላይ ተከመረ።

እትዬ «ይህኛው ያለ ቀኑ ተወለደ» አሉ። በመነፅራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

ዓርብ 3

ትናንት ያልጻፍኩት አለ።

ሸንበቆ እያነከሰ ወደ እኔ መጣ። ሊደበድበኝ ነው ብዬ ቤዙን ከፊቴ አደረግሁ። ወንድሜ ይቅርታ፣ ምትህን ስቼብህ ነው፣ ልምምድህን አበላሸሁብህ አለኝ። ከዚያም ባልደረቦቹ ሁሉ ዜማ ሲሰሙ እሱ የሚሰማው ቤዝ ብቻ እንደሆነ፣ ቤዝ ጥሩ ሲሆን እግሩ ራሱ መንገዱን እንደሚያውቅ ነገረኝ። ጥፋቱን በሙሉ ወሰደ። ጥሩ ሰው ነው። ይህን በማወቄ ምን ያህል እንደተናደድኩ ልገልጸው አልችልም።

ደግሞ እሷ ብትወድቅስ ኖሮ? እጇ እጁ ውስጥ ነበር። ትንሽ ቢስባት አብራው ትወድቅ ነበር። እኔ ነኝ የማደርገው እንዲህ ያለ ነገር? ሰው እንዳይወድቅ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ።

እቤት ባለቤቴ ለእናቷ ስትነግር ሰማሁ። ቤዝ ተጫዋቹ ጎበዝ ነው፣ ልቡ ግን ቶሎ ትሸበራለች ብላ ጮኸች። አማቴ የማነው ልብ ሲሉ ሁለቱም ሳቁ። የማያውቁትን ሰው እንዲህ ማማት ምን ይባላል።

ማክሰኞ 7

የሞተሩ ክፍል ተመልሻለሁ። በምሳ ሰዓት፣ በየቀኑ። አልፈጥንም። ማንንም አላስብም። አንድ ሲባል ዝም፣ ከአንድ በፊት ዱም።

የጥርስ ሐኪሟ ዛሬ ለመሥሪያ ቤቱ ደውላለች። ድምፁ ተመልሷል፣ ግን አሁን ተስተካክሏል፣ እባካችሁ ማንም እንዳይነካው አለች። አለቃዬ ምን አድርገህለት ነው አለኝ። ልምድ ነው አልኩት።

ረቡዕ 8

ሆነ! እትዬ አሁን ሳይሉኝ መጣሁ። ከአንድ በፊት። ሁላቸውም ላዬ ላይ አረፉ። ከበሮ መቺው፣ አራት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል ያልተናገረኝ ሰው፣ እህ አለ።

ማክሰኞ 14

እትዬ ለብቻዬ ጠሩኝ። የመዝጊያው ዳንስ መጨረሻ ላይ ልክ የሌለው ክፍል አለ። ቤዙ ያንኑ አራት ድምፅ ይደጋግማል፤ እነሱ ይዞራሉ፤ እስከ መቼ የሚለው በእሳቸው ምልክት ነው። ግን ቤዙ ከተለወጠ ሁሉም ያልቃል። እኔ አንድ ክር ብስት ሸንበቆ እጁን ማንሣት አለበት ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ገና ሲገባኝ ፊቴ ላይ ታየ መሰለኝ።

እትዬ ሥራቸው ላይ አባቶችን ከክፍል ያስወጡ እንደነበር አጫወቱኝ። ክፉ ስለሆኑ አይደለም አሉኝ፤ ስለሚጨነቁ እጃቸው አያርፍም፤ የወላዷን ሥራ እነሱ ሊሠሩላት ይፈልጋሉ። እሺ አልኩ። ገባህ ወይ አሉኝ። ስለ አባቶች ነው የሚያወሩት አልኩ። ተስፋ ቆርጠው አኮርዲዮናቸውን አነሡ።

ዓርብ 17

ነገ ናት።
ጣቴ ደህና ነው።
ልነግራት ሦስት ጊዜ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ሦስቴም ውኃ ጠጥቼ ወጣሁ።
ለማለት የምፈልገውን እዚህ ጻፍኩት። አንድ ቃል ነው። ሰረዝኩት።

እሑድ 19፣ ጠዋት

ትናንት ዘበኛው ቆቤን መልስ አለኝ፤ የሕንፃው ባለቤት ስለሚገኙ ያለ ቆብ መታየት አይችልም። መነፅሩን ደግሞ መብራቱ ሲቀነስ ክሮቹ አልታይ ስላሉኝ ራሴ አወለቅሁት። መድረኩ ላይ እንደ ወትሮዬ ሆኜ ቆምኩ። አማቴ ከሁሉም ቀድመው መጥተው ማጉያው ጋ ወንበር አስመጥተዋል፤ ጀርባቸውን ሰጥተውት ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ባለቤቴ በበሩ ገባች፤ አየችኝ። ትደነግጣለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ጭራሽ እጇን አውለበለበችልኝ።

መሬንጌዎቹ አለፉ። አዳራሹ ግጥም ብሎ ነበር፤ የጥርስ ሐኪሟ እንኳ መጥታ ከፊት ቆማ ግንባሯን ቋጥራ ስታዳምጥ አየኋት፤ የት እንደሰማችው ልታስታውስ እየሞከረች ነው። ከዚያ ወለሉ ለሁለቱ ተለቀቀ።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ደረስን። አራቱን ድምፅ እየደጋገምኩ ነው። እትዬን አየኋቸው፤ ምልክት የመስጠት ሐሳብም የላቸውም። ስድስት ዙር፣ አሥር ዙር። ሸንበቆ እጁ ወገቧ ላይ ነው። አንድ ክር ነው የሚበቃኝ፤ ጣቴ ወደዚያ ሄዶም ነበር። ያኔ ነው ባለቤቴን ያየኋት። ስድስት ሳምንት ሙሉ እሱን ነበር ሳይ የከረምኩት፤ እጁ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደተጠጋ። እሷን አላየኋትም ነበር። እግሯ የሚያርፈው እኔ ቀድሜ ባስቀመጥኩላት ድምፅ ላይ ነው። ብዘገይ ትወድቃለች፤ አልዘገየሁም። ፊቷ በላብ አብርቶ፣ ጎረምሳ ሆኜ ያወቅኳትን ልጅ መስላለች። ቆንጆ ናት። ይህን መጻፍ ምን ነበረው የከበደኝ? እንዲያልቅባት አልፈለግሁም። እንድትሄድም አልፈለግሁም። ሁለቱን ባንድ ጊዜ እየፈለጉ መጫወት ከባድ ነው፤ ግን አንድም አልሳትኩም። እትዬ እንዲያበቃ ራሳቸውን ሲነቀንቁ እኔ ነበርኩ አንድ ዙር የጨመርኩት።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሸንበቆ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቃት። መልሱን ነው አልኩ። አሁን ልትነግረው ነው። ከመድረኩ ዘልዬ ወረድኩና ሰዉን እየገፋሁ ሄድኩ። ቤዙን ማውለቅ ነበረብኝ፤ ትዝም አላለኝ። ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ገመዱ ማጉያው ላይ እንደተሰካ ተወጥሮ ያዘኝ። ብስበው ማጉያው ተንሸራተተ፤ ከኋላዬ አማቴ ማሽኑ ሄደ ብለው ሲጮኹ ሰማሁ። ወደፊት መሄድ አልቻልኩም፤ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። አዳራሹ ሁሉ ያየኛል። እዚያው እንደታሰርኩ፣ ሸንበቆም እየሰማ፣

«አትሂጂ» አልኳት።

የቀረውን ሁለት እርምጃ እሷ መጣች። ማሰሪያውን ከትከሻዬ ላይ አወለቀችልኝ።

«ይህችን ቃል ለማውጣት ቤዝ መማር ነበረብህ?» አለችኝ።

ሸንበቆ የጠየቃት ውኃ ላምጣልሽ ወይ ብሎ ኖሯል። ወደ ቤት ስንመለስ ነው ሁሉን የነገረችኝ። አልሄድም ካለችው ወር አልፎታል፤ ሌላ ሰውም አግኝቷል። እኔ የማደርገውንም ሁሉ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ታውቅ ነበር፤ እንዴት እንዳወቀች ልትነግረኝ ስትጀምር በሳቅ መጨረስ አቃታት። እኔ ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ መንገድ ላይ ቆሜ ተቆጣኋት። ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ፣ ሰው ወንበር ላይ ጥዬ፣ የሐሰት ሪፖርት ጽፌ፤ አንድ ቀን አልሄድም ብትይኝ ምን ነበረበት አልኳት።

ሳቋን አቆመች።

«ብነግርህ ቤዙን ትተወው ነበር» አለችኝ።

አልተወውም ነበር አልኳት። በእናቷ ማልኩላት፤ እናቷም እዚያው አጠገባችን ቆመው ነበር። እሺ አለችኝና ክንዴን ያዘች፤ እንደዚያው ሆነን እስከ ቤት ሄድን።

እዚህ ደብተር ላይ ግን ከእኔ በቀር ማንም የለም። እተወው ነበር።